ስለ ናሙናው ወረቀት

ለተከበሩ የዓመታዊው አውደ ርዕይ የዳኞች ኮሚቴ ሰብሳቢ

ጉዳዩ፦ አንደኛ በመውጣቴ የተሰማኝን ቅሬታ ስለ መግለጽ

ክቡር ሰብሳቢ ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ እጅዎ ሲገባ እርስዎም፣ ሁለቱ የኮሚቴዎ አባላትም፣ ቤተሰቦቻችሁም በሙሉ ጤና እንደምትገኙ ተስፋዬ ነው። በተለይ የዓይናችሁን ደኅንነት አብዝቼ እመኛለሁ፤ በአንድ ቀን ውስጥ ሠላሳ አንድ የእንጨት ሥራ፣ ሃያ ሁለት ሥዕል፣ አርባ የሚሆን ጥልፍና ሹራብ፣ በዚያ ላይ ደግሞ ግቢው ውስጥ በሽቦ ቤት የተደረደሩትን ዶሮዎች አይቶ ውጤት መስጠት ለዓይን ቀላል ድካም አይደለምና። በዶሮዎቹ ላይ የሰጣችሁት ፍርድ ትክክል እንደ ነበር ከባለቤቶቻቸው ሰምቼ ደስ ብሎኛል።

ምናልባት ካላስታወሱኝ፣ እኔ በእንጨት ሥራ ዘርፍ አንደኛ የወጣሁት ፍሬም ሠሪ ነኝ። መድረኩ ላይ ሦስት ጊዜ ጨብጠውኛል፤ ሁለቱ ፎቶ አንሺው አልወጣም ስላለ ነበር። የቢሮዎን ኮሪደር ግራና ቀኝ የሞሉትን የቀድሞ ሰብሳቢዎች ፎቶግራፎች ፍሬም የሠራሁላቸውም እኔ ነኝና በየቀኑ በሥራዬ መካከል ነው የሚያልፉት። ያሸነፈ ሰው ቅሬታ ሲያቀርብ ማየት እንግዳ ነገር እንደሚሆንብዎት ይገባኛል። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛም እንዲሁ እንግዳ ሆኖባት፣ የቅሬታ ማቅረቢያው ቅጽ የሚጀምረው «እኔ ያልተሸለምኩ ተወዳዳሪ» ብሎ ስለ ሆነ ለእኔ ልትሰጠኝ እንደማትችል፣ ለተሸለመ ሰው ያለው ቅጽ የምስጋና ብቻ እንደ ሆነ በትሕትና አስረድታኛለች። የምስጋናውን ቅጽ ይዤ ቤቴ ሄጄ ልሞላው ሞክሬ ነበር፤ ሦስት መስመር ብቻ ስላለው አልበቃኝም። በአደባባይ የምጽፍልዎት ከዚህ የተነሣ ነውና እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ።

ወደ ቅሬታዬ ከመግባቴ በፊት ስለ እኅቴ ጥቂት ልበል፤ ነገሩ የእሷ ነውና።

ታላቄ ናት፤ እትዬ ነው የምላት። እናታችን ካረፈች በኋላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ሃያ ስድስት ዓመት የደንብ ልብስ በሚሰፋበት ድርጅት ጨርቅ ቆራጭ ነበረች፤ ዐሥራ ስድስት ጨርቅ ደርባ በትልቁ መቀስ በጠመኔ መስመሩ ላይ ስትሄድበት፣ ጠመኔው በሁለቱም በኩል እኩል ይቀር ነበር። ልጆችዎ የደንብ ልብስ ለብሰው ተምረው ከሆነ ትከሻቸውን የለካችላቸው እኅቴ መሆኗ አይቀርም። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ማለዳ መቀሱን እንደ ያዘች ወደቀች። ስትሮክ ነው አሉን። ቀኝ እጇና ቀኝ እግሯ ከዚያ ወዲህ አልተመለሱም፤ አንደበቷ ግን ቀስ እያለ ተመልሶ አሁን አጠር አጠር ያለ ነገር ትናገራለች፤ ድሮም ነገር አታበዛም ነበር።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ታጋሽ ሴት ናት፤ በግራ እጇ እርሳስ አስያዘቻትና በየቀኑ መስመር እንድታሰምር አዘዘቻት። አራት ወር ሙሉ አሰመረች። ከሥራ ስመለስ ወረቀቶቹን እየሰበሰብኩ ዛሬማ ቀጥ ብሏል እላታለሁ፣ እሷ ደግሞ «አትዋሽ» ትለኛለች። ከዚያ አንድ ቀን ጥሩ ወረቀትና ላጲስ እንድገዛላት ጠየቀችኝ። ቀኝ እጇን በግራዋ አንሥታ ጭኗ ላይ ባለው ትራስ ላይ አስተኛችውና ትሥለው ጀመር። ሰባት ሳምንት ፈጀባት። ሁለት ላጲስ ጨርሳ ሦስተኛው ተጋምሷል።

እኔ ሥዕል አላውቅም፤ የሰው ሥዕል ዙሪያውን ሳጥር ነው የኖርኩት። ያን እጅ ግን አውቀዋለሁ፤ ሲያጥበኝ፣ ሲኮረኩመኝ፣ ትኩሳት ሲይዘኝ ግንባሬን ሲዳብስ የኖረ እጅ ነው። መስመሩ ይንቀጠቀጣል። ሆኖም መቀሱ በሃያ ስድስት ዓመት አውራ ጣቷ ላይ ያበቀለው ጉብታ በቦታው አለ፤ ጣቶቹም አንድ ነገር ሊይዙ አስበው እንደ ተዉት ሁሉ በከፊል ታጥፈዋል። ስታሳየኝ ሚስማር ልፈልግ ብዬ ጓዳ ገባሁና አለቀስኩ። ስመለስ ፊቴን አየት አድርጋ «ሰው ይየው» አለችኝ። ልብ ይበሉልኝ፣ ክቡር ሰብሳቢ፤ ይሸለም አላለችም፤ አንደኛ ይውጣ አላለችም። ሰው ይየው ነው ያለችው።

እንግዲህ ቅሬታዎቼን በቁጥር አስቀምጣለሁ፤ ቢሮዎ በቁጥር ያልተቀመጠ ነገር እንደማይቀበል ሁለት ጊዜ ተመልሼ ተረድቻለሁ።

አንደኛ። በምዝገባው ቀን ስለ ተደረገልኝ ፈጣን መስተንግዶ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ሥዕሉን በሠራሁለት ፍሬም አስገብቼ፣ በመስታወት ሸፍኜ፣ በፎጣ ጠቅልዬ ነበር ያመጣሁት። ስሟን ከጀርባው ባለው ስስ ጣውላ ላይ በግራ እጇ ራሷ ጽፋለች፤ ለምን ሥዕሉ ላይ አትጽፊውም ብላት «እጁን ያጣብበዋል» አለችኝ። መዝጋቢዋ ፎጣውን ስትገልጥ ዓይኗ በርቶ «እጅዎን ይባርከው ጋሼ፣ ይሄስ ፍሬም ነው» አለችና፣ የሥራው ዓይነት በሚለው ቦታ ላይ ሳትጠይቀኝ «የእንጨት ሥራ» ብላ ሞላችው። አልፈርድባትም፤ ስድስት ዓመት ወደዚያ ቢሮ የገባሁት ፍሬም ታቅፌ ብቻ ነው። ገልብጣ ጀርባውን ባለማየቷም አልፈርድባትም፤ ፊቱን ያላየ ጀርባውን እንዲያይ አይጠበቅም። የምፈርደው በራሴ ነው፤ ከኋላዬ ሰልፉ ረዝሞ ሰው ይነጫነጭ ነበር፣ መነጽሬ ኪሴ ውስጥ ነበር፣ ሳላነብ ፈረምኩ። ስለዚህ የዚህ ቅሬታ ግማሹ የእናንተ፣ ግማሹ የእኔ ነው፤ የእናንተን ግማሽ ብቻ መዝግቡልኝ።

ሁለተኛ። አዳራሹ ፎቅ ላይ በመሆኑ ለአየሩም ለዕይታውም መልካም እንደ ሆነ አምናለሁ። ሃያ አራት ደረጃ አለው፤ ቆጥሬዋለሁ። ዊልቸር የሚያወጣ ነገር የለውም። ጥበቃዎቹ ደግ ሰዎች ስለ ሆኑ ለአራት እንሸከማት ብለው ነበር፤ እኅቴ ግን ዕቃ አይደለሁም ብላ እምቢ አለች። ስለዚህ በመክፈቻው ቀን እታች ግቢ ውስጥ፣ ከዶሮዎቹ አጠገብ ጥላ ያለበት ቦታ አስቀመጥኳት። ይህም ለክፉ አልሰጣትም፤ ምክንያቱም እርስዎ የዕለቱን ዳኝነት የጀመሩት ከዶሮዎቹ ነበር። እጅጌዎን ሰብስበው እያንዳንዷን ዶሮ ከሽቦ ቤቷ አውጥተው፣ ክንፏን ገልጠው፣ እግሯን አንሥተው፣ ዓይኗን ወደ ብርሃን አዙረው ሲያዩ እኅቴ ዓይኗን ሳትነቅል ትከታተልዎት ነበር። አንዷን ቀይ ዶሮማ ካለፏት በኋላ አልዋጥልዎት ብሎ ተመልሰው መጥተው አዩአት። ያኔ እኅቴ በግራ እጇ ነካ አድርጋኝ «ጥሩ ያያሉ» አለችኝ። እስከ ዐሥር ሰዓት ድረስ ደስ ብሏት ነበር የዋለችው። በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲህ ደስ ብሏት የዋለችበት ሌላ ቀን ስላላስታወስኩ፣ ስለዚያች ቀይ ዶሮ ከልቤ ላመሰግንዎት እወዳለሁ።

ሦስተኛ። ስለ ውጤቱ። በዚያው ዕለት ዐሥር ሰዓት ላይ በሽልማቱ ሥነ ሥርዓት ለመገኘት ብቻዬን ወጣሁ። በእንጨት ሥራ ዘርፍ አንደኛ ብላችሁ የእኔን ሥራ ስትጠሩ የሰው ሥራ ከእኔ ጋር የተምታታ መሰለኝ፤ ገፋፍተው አወጡኝ። ሥዕሉ ደግሞ በሥዕል ዘርፍ ለብቻው ታይቶ ይሆናል ብዬ፣ የተሸለምኩትን ትልቅ የግድግዳ ሰዓት ታቅፌ እስከ መጨረሻው ቆየሁ። በሥዕል ዘርፍ የተጠሩት ሦስቱም ሌሎች ነበሩ፤ ይገባቸዋል፣ አንዳቸውንም አልነቅፍም። ከዚያ ሃያ አራቱን ደረጃ ወረድኩ። እኅቴ ሰዓቱን አላየችውም፤ እኔን ነው ያየችው። «አዩት?» አለችኝ።

ክቡር ሰብሳቢ፣ በእርስዎ ስም ዋሸሁ። አዎ እትዬ፣ አይተውታል፣ ሰብሳቢው ራሳቸው ቀረብ ብለው መስመሩን አደነቁ፣ ይቺ እጅ ብዙ የሠራች እጅ ናት አሉ፣ አልኳት። እርስዎ ያላሉትን ይህን መልካም ነገር በአፍዎ ስላስቀመጥኩብዎ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ቢሉት ኖሮ ያምርብዎት ነበር። ወደ ቤት እስክንደርስ የእኅቴ ፈገግታ ከፊቷ አልጠፋም። በማግስቱ አዲስ ወረቀት አስመጣችና የግራ እግሯን ልትሥል ጀመረች።

ነገሩ ውስጤን ስለ በላኝ የውጤት መስጫውን ወረቀት ለማየት ቢሮዎ ተመላለስኩ። በመጀመሪያው ጊዜ ስለ ቅጹ የነገርኩዎት ሆነ። በሁለተኛው ጊዜ ኮሪደር ላይ አገኘሁዎትና ገና አፌን ሳልከፍት እንኳን ደስ ያለህ ብለው አራተኛ ጊዜ ጨብጠውኝ ወደ ስብሰባ ገቡ። በሦስተኛው ጊዜ መዝገብ ቤቷ አዝናልኝ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ትታልኝ ውኃ ልጠጣ ብላ ወጣች። ዘጠና ስምንት ነጥብ ሰጥታችሁኛል። ለቅርጹ ሙሉ፣ ለማያያዣው ሙሉ፣ ለማለስለሱ ሙሉ። ሁለቷ ነጥብ ለምን እንደ ተቀነሰች ደግሞ ከታች በራስዎ የእጅ ጽሕፈት ተጽፏል፦ «ለናሙና የገባው ወረቀት ሳይወጣ በመቅረቱ የሥራውን ውበት ቀንሶታል።»

እውነት ነው፣ በየሱቁ የሚሸጥ ፍሬም ውስጡ የሚስቅ ሕፃን ወይም አበባ የታተመበት ወረቀት ይኖረዋል፤ ገዢው ሲያወጣው ይጥለዋል። እንግዲህ እናንተ ሦስት የተከበራችሁ ሰዎች፣ የእኅቴን ሰባት ሳምንት እንደዚያ ወረቀት ቆጠራችሁት ማለት ነው። ቆሜ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሆኖም ነገሩን በበጎ ጎኑ ማየት ስለምወድ አንድ ነገር አመሰግናለሁ፤ ሁለት ነጥብ ለመቀነስ እንኳ ቢሆን ዓይናችሁ ለቅጽበት አርፎበታል። በዚህ መሠረት አዩት ብዬ ለእኅቴ የነገርኳት ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም፤ ከመቶ ሁለት እጁ እውነት ነው።

ሦስተኛው ቅሬታ ግን አላለቀም፤ ቁጥሩን ያጋነንኩ እንዳይመስልብኝ ብዬ እንጂ የሚከተለው ለብቻው ይቆጠር ነበር። በደንባችሁ መሠረት ያሸነፈ ሥራ ለአንድ ዓመት ቢሮአችሁ ውስጥ ይቆያል፤ እሺ። ነገር ግን ጥንቁቆች ናችሁና በውስጡ የነበረውን ወረቀት አውጥታችሁ ለባለቤቱ መልሳችኋል። ፖስታውን ያመጣው ሰው ቤት ስላላገኘኝ ለእኅቴ ሰጣት። ፖስታው ለእኔ የተጻፈ ቢሆንም ከእናንተ መምጣቱን ስታይ ደስታ አላስቻላት ይሆናል፤ በጥርሷና በግራ እጇ ከፈተችው። ሥዕሉ ፖስታው ውስጥ እንዲገባ አራት ላይ ታጥፏል። አንዷ እጥፋት በአውራ ጣቱ ላይ ያለውን ጉብታ ለሁለት ትከፍለዋለች። በላዩ ላይ «ለናሙና የገባ ወረቀት፣ ተመላሽ» የሚል ቁራጭ በስፒል ተያይዟል፤ ክቡ ማኅተማችሁም ቁራጩ ስላልበቃው ግማሹ ሥዕሉ ላይ፣ እጁ አንጓ ላይ አርፏል። ቀለሙ ወይን ጠጅ ነው። ለማስለቀቅ ብዙ ሞክሬ የባሰ ተንሰራፋ።

ከሥራ ስመለስ ወረቀቱ ጭኗ ላይ ተዘርግቶ በግራ መዳፏ እጥፋቱን ታሽ ነበር። ልብስ የምትተኩስ ነበር የምትመስለው። አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ምንኛ በወደድኩ፤ በልጅነቴ ስዋሽ ጆሮዬን ነበር የምትይዘው። በትንሽነቴ ከሲታ ስለ ነበርኩ ያወጣችልኝ ስም አለ፣ ሚስማር ነው የምትለኝ። «እንኳን ደስ ያለህ ሚስማር» አለችኝ፤ «ጥሩ ፍሬም ነበር።» ምጸት አታውቅም፤ ከልቧ ነው ያለችው። ጀምራው የነበረውን የእግሯን ሥዕል አጣጥፋ አስቀመጠች፤ እርሳሱንም ላጲሱንም ወደ ቆርቆሮው መለሰችና ክዳኑን እንድገጥምላት ጠየቀችኝ፤ በአንድ እጅ አይገጠምም። ገጠምኩላት። አምስት ሳምንት ሆነው። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ይህ የግራ እጅ ሥራ እንዳይፈታ ስትል ትለምናታለች፤ እሷም ማንኪያ ይይዛል፣ ይበቃል ትላታለች።

አራተኛ። አራተኛው ቅሬታ በእናንተ ላይ አይደለም፤ ግን ለማን እንደማቀርበው ስላላወቅኩ እዚሁ ይግባልኝ። ፍሬሙን የሠራሁት ከእናታችን አልጋ ራስጌ ነው። ሦስት ሳምንት ሠራሁበት። ዙሪያውን ዐሥራ ሁለት ቅጠል ፈለፈልኩበት፣ አንድ ሚስማር ሳልነካ ማዕዘኖቹን በውስጥ አጠላለፍኩ፣ በብርጭቆ ወረቀት እስኪያንጸባርቅ አሸሁት። ለእኅቴ ክብር ነው እያልኩ ነበር የምሠራው። አሁን ቁጭ ብዬ ሳስበው፣ አንድ ማታ የማዕዘኑን ማጠላለፊያ ስገጥም ይሄንንስ ያዩልኛል ብዬ በልቤ ደስ ብሎኛል። የሥዕሉን ነገር ያኔ ረስቼው ነበር። ሠላሳ ዓመት ፍሬም ስሠራ የማውቀው አንድ ሙያ ቢኖር ሰው ፍሬሙን ሳያይ ሥዕሉን እንዲያይ ማድረግ ነው፤ የቀድሞ ሰብሳቢዎችን በዚያ መንገድ ነው ያጠርኳቸው። ለእትዬ ሲሆን ግን አበዛሁት። አራት ተራ ጣውላ ብገጥምላት ኖሮ ማንም የእንጨት ሥራ አይለውም ነበር። ይህን ለእሷ ልነግራት አልቻልኩም፤ ለእርስዎ መናገር ይቀላል፤ አይሰሙምና።

ወደ ልመናዬ ልግባ። ውጤቱ እንዲለወጥ አልጠይቅም። ዳኝነቱ እንዲደገምም አልጠይቅም፤ ሥዕሉ አሁን እጥፋትና ማኅተም ስላለበት ከፊተኛው የባሰ ነጥብ ነው የሚያስቀንሰው።

ፖስታው ከመጣ በኋላ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ቢሮዎ የመጣሁ ዕለት ስወጣ፣ ከአዳራሹ አራት ጥበቃዎች አንዱ ደረጃው ላይ አስቆመኝ። የትኛው እንደ ሆነ አልናገርም፤ እናንተም አተኩሮ ማየት ስለሚጠይቅ እንደማትለዩት አምናለሁ። አውደ ርዕዩ በቆየባቸው ሦስት ቀናት ጠዋት ጠዋት መስታወቶቹን የሚወለውል እሱ ነበር። ያቺ እጅ የማን ናት ብሎ ጠየቀኝ። የእኅቴ ናት አልኩት። «የተኛች ነው የምትመስለው፤ እንዳትነቃ ብዬ መስታወቱን በቀስታ ነበር የምወለውለው» አለኝ። ክቡር ሰብሳቢ፣ እዚያው ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። እኅቴ ስትጠብቀው የኖረችው ሰው እሱ ነው፤ ፎቅ ላይ ነበር፣ በሦስቱም ቀን ነበር።

እየሮጥኩ ሄጄ ነገርኳት። በትንሽነቴ እግሬን ታጥቤያለሁ ብዬ አልጋ ውስጥ ስገባ ታየኝ በነበረው ዓይን አየችኝ። ዛሬማ ቀጥ ብሏል እያልኩ፣ ሰብሳቢው አደነቁ እያልኩ፣ ያለኝን እምነት ሁሉ አስቀድሜ ጨርሼዋለሁ፤ እውነቱ ሲመጣ የምነግርበት አፍ አጣሁ። ስምልላት «ተው፣ በቃ» አለችኝ።

ስለዚህ ጥበቃውን ራሱን፣ ቤታችን ድረስ መጥቶ ይህችኑ አንዲት ዓረፍተ ነገር በፊቷ እንዲላት ለመንኩት። ፈቃደኛ ነው። ነገር ግን በአውደ ርዕዩ ሥራዎች ላይ ከዳኞች በቀር ማንኛውም ሠራተኛ ለተወዳዳሪም ለቤተሰብም አስተያየት እንዳይሰጥ የሚል ማስታወቂያ በፊርማዎ ስለ ለጠፉ፣ ሥራዬን እንዳታሳጣኝ አለኝ፤ የልጆች አባት ነው፣ አላስገደድኩትም። ለዚህ ሰው የግማሽ ሰዓት ፈቃድ ይሰጠው ዘንድ በጽሑፍ አመልክቻለሁ። መልስ መጥቷል፤ ለጥበቃ ሠራተኛ አስተያየት የተዘጋጀ ቅጽ ባለመኖሩ ጉዳዩ በመታየት ላይ ነው ይላል። ከቢሮዎ አንድ ነገር በመታየት ላይ እንዳለ ስሰማ የመጀመሪያዬ በመሆኑ ተስፋ አድርጌ ሦስት ሳምንት ጠበቅኩ።

ሰዓቱን መመለስ እችል እንደሆነም ጠይቄ ነበር፤ የተመለሰ ሽልማት የሚመዘገብበት መዝገብ የለም ተባልኩ። ልደብቀው አስቤ በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ሣጥን ውስጥ ከተትኩት፤ እኅቴ ድምፁን ሰምታ አውጣው፣ ያሸነፍከው ነው፣ ስቀለው አለችኝ። ከአልጋዋ ፊት ለፊት ሰቀልኩት። ቀኑን ሙሉ ሁለቱም እዚያ ናቸው፤ እሱ ይቆጥራል፣ እሷ ታየዋለች።

እንግዲህ ከዚህ በላይ ምን ማድረግ እንደምችል አላውቅም። ግማሽ ሰዓት ነው የምለምነው። ከቢሮዎ እስከ ቤታችን በእግር ዐሥራ አንድ ደቂቃ ነው፤ ደርሶ መልሱ ሃያ ሁለት፣ ለአንዲቷ ዓረፍተ ነገር ስምንት ደቂቃ ይተርፋል። ቢፈቅዱለት የቢሮዎ ሥራ አይጎዳም። ባይፈቅዱለት ግን አንዲት ሴት ያላትን አንድ እጅ ማንኪያ ብቻ እያስያዘች ትኖራለች፤ እኔም ክዳኑ የተገጠመውን ቆርቆሮ አቧራውን እየጠረግኩ እኖራለሁ።

የኮሚቴዎ ዘመን እንዲረዝም፣ ዶሮዎቹ በመጪው ዓመትም እንደ ዘንድሮው በፍትሕ እንዲታዩ፣ ማኅተማችሁ ሁልጊዜ ቦታውን እንዲያገኝ ከመልካም ምኞት ጋር፣

በአራት መጨባበጥ የተከበረው፣ በእንጨት ሥራ ዘጠና ስምንት ነጥብ ያገኘውና በቀረችው ሁለት ነጥብ ውስጥ የሚኖረው፣

ታዛዥዎ ፍሬም ሠሪው

ማስታወሻ፦ በዚህ ሳምንት መዝገብ ቤቷ፣ የተሸለመውን ፍሬም ባዶ ከሚቀመጥ ተብሎ የእርስዎ ፎቶግራፍ እንዲገባበት መወሰኑን ነግራኝ መጥቼ እንዳስገባው ጠይቃኛለች። በደስታ። ችግሩ ፍሬሙ የተለካው ለአንድ እጅ ስለ ሆነ ፎቶግራፍዎ ሦስት ጣት ያህል ይተርፋል፤ መቆረጡ የግድ ነው። ከየት በኩል ልቁረጥ ብዬ ብዙ አሰብኩ፤ ከቅንድብዎ እስከ አፍንጫዎ መካከል ያለውን ባወጣው በሥራዎ ላይ የሚያጎድልብዎት ነገር ያለ አይመስለኝም። ከጀርባው ባለው ስስ ጣውላ ላይ ደግሞ በግራ እጅ የተጻፈ የአንዲት ሴት ስም ታገኛላችሁ። እሱን እናንተ አጥፉት፤ እኔ አልችልም። እርሳስ ስለ ሆነ ቶሎ ይለቃል። ላጲስ ከሌላችሁ እኛ ቤት ግማሽ አለ፤ ማንም አይጠቀምበትም።